ሥዕሉ ያልተናገረው

የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት፥ ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደየቤቱ መመለስ በጀመረበት ሰዓት፥ በአዲስ አበባ ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ውስጥ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት ቆመው ነበር። በግድግዳው ላይ ሰማዕቱ በነጭ ፈረሱ ተቀምጦ ጦሩን በዘንዶው አፍ ሰክቶታል፤ ዘንዶውም ከፈረሱ ኮቴ ሥር ተጠማዝዞ ወድቋል። አሮጊቷ ስለ ፈረሱ፥ ስለ ጦሩና ስለ ሰማዕቱ ተጋድሎ አንድ በአንድ ሲያስረዱት ልጁ ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ፥ ጣቱን ወደ ሥዕሉ ዳር ዘርግቶ፥ በአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች መካከል ሆና ወደ ታች የምትመለከተውን ልጃገረድ እያሳየ፥ «እማማ፥ እሷን ዛፍ ላይ ማን አወጣት?» አላቸው። «ብሩታዊት ናት እኮ፤ ዘንዶው እንዲበላት ተሰጥታ ሳለ ሰማዕቱ ደረሰላት» አሉት። ልጁም ጥቂት አሰብ አድርጎ፥ «ከእሷ በፊትስ ማንን በላ?» ሲል ጠየቀ። አሮጊቷ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፥ ግድግዳውን ተሳልመው፥ ልጁን እየሳቡ ወጡ።

ያ ሕፃን ሳያውቀው የጠየቀው ጥያቄ፥ ከሥዕል ተነሥቶ እጅግ አጭር ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚተጋ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ነው። የዚህ ሥራ ሥርዓቱ ቀላል ነው። አንድ ሥዕል ወይም አንድ ፎቶግራፍ ለጸሓፊዎች ሁሉ በእኩልነት ይቀርባል፤ የቃል ወሰን ይቈረጥላቸዋል፤ በዚያም ወሰን ውስጥ፥ ሰው ያለበት፥ አንድ ነገር የሚለወጥበት፥ ፍጻሜም ያለው ሙሉ ታሪክ ይዘው እንዲመጡ ይጠየቃሉ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ልክ 100 ቃል፥ አንድ ሳይጨምሩ አንድ ሳያጐድሉ፥ መጻፍ እንደ ሕግ የተያዘበት የድርሰት ዐይነት አለ። በአማርኛ ግን አንድ ግሥ ባለቤቱንና ተሳቢውን፥ አሉታውንም ጭምር፥ በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ፥ መቶ ቃል ለእኛ ጸሓፊ ከእንግሊዙ ይልቅ ሰፊ ስፍራ ነው፤ እኔ ለአማርኛ ሰባ ቃል ይበቃል ባይ ነኝ።

ወሰኑን ማጥበብ ግን የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ከባዱ ነገር ሥዕሉን መልሶ ከመናገር መታቀብ ነው። ሰው ሥዕል ቀርቦለት «ጻፍ» ሲባል፥ እጁ አስቀድሞ የሚሄደው ዓይኑ ወዳየው ነገር ነው፤ ሰማዩ ሰማያዊ መሆኑን፥ ፈረሱ ነጭ መሆኑን፥ ልጅቱ ማዘኗን ይጽፋል። ይህን ሁሉ ግን ሠዓሊው ከእርሱ አስቀድሞ፥ ከእርሱም አብልጦ ተናግሮታል። ስለዚህ ከመቶው ቃል ስልሳው የሌላውን ሰው ሥራ በመድገም ያልቅና፥ ለታሪኩ የሚተርፈው አርባው ብቻ ይሆናል። ሥዕል ለደራሲ እንደ እርሾ ነው፤ እንጀራው ከተጋገረ በኋላ እርሾውን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፥ ሊቻልም አይገባም።

ይህን በዓይኔ ያየሁት፥ በከተማው ከሚገኙት የንባብ ማኅበራት በአንዱ፥ ጥቂት ሰዎች ማታ ማታ ተሰብስበው ድርሰት በሚለማመዱበት አዳራሽ ውስጥ ነው። መምህራቸው የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ቅጂ በሰሌዳው ላይ ለጠፈና፥ «ግማሽ ሰዓት አላችሁ፤ ከመቶ ቃል እንዳታልፉ» ብሎ ወጣ። ከተሰብሳቢዎቹ የሚበዙት ወጣቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ግን በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩና ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም «የኔታ» ይሏቸዋል። ጊዜው አልቆ ንባቡ በተጀመረ ጊዜ፥ የመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች ሁሉ ፈረስ፥ ጦርና ደም የሞሉባቸው ሆኑ፤ ከገድሉም ከሥዕሉም አንዲት ነገር አልጨመሩም። ከዚያ አንዲት የነርስ ትምህርት የምትማር ወጣት ቆማ፥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ የሚከተለውን አነበበች።

«ዘንዶው የሞተ ዕለት ከተማው በእልልታ ተናወጠ። ንጉሡ የልጁን እጅ ይዞ በአደባባይ ታየ፤ ሕዝቡም በመንገዱ ላይ ቄጤማ ጐዘጐዘ። በከተማው ዳር ያለች አንዲት ቤት ግን በሯ አልተከፈተም። ጎረቤቶቿ አንኳኩተው፥ ‹ነዪ እንጂ፥ ዛሬ የሁላችን ቀን ነው› ቢሏት፥ ሴትዮዋ ወጥታ እጅ ነሳቻቸው፤ እንጀራ ጋግራ እንደምትከተላቸውም ነገረቻቸው። ከሄዱ በኋላ ወደ ጓሮ ዞራ፥ ትናንት ጧት ለልጇ ያጠበችውን ቀሚስ ከገመዱ ላይ ዳሰሰችው። ገና አልደረቀም ነበር። ፈረሰኛው አንድ ቀን ዘግይቶ ነበር፤ ትናንት ዕጣው የወደቀው በእሷ ልጅ ላይ ነበርና።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ የኔታ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና፥ «ልጄ፥ ልቤን ነክተሽዋል፤ ነገር ግን ፍጡነ ረድኤት ለሚባል ሰማዕት ‹ዘገየ› አይባልም» አሏት። ወጣቲቱ ደነገጠች፤ ይቅርታም ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት መምህሩ አቋረጣትና፥ «የኔታ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን እሳቸው በሃይማኖት በኩል ያዩትን እኔ በድርሰት በኩል ልየው፤ ያችን ዐረፍተ ነገር ሰርዘሽ እስቲ እንደገና አንብቢው» አላት። እሷም የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ትታ፥ «ገና አልደረቀም ነበር» በሚለው ላይ አቆመች። ያን ጊዜ የሆነውን በቃል መግለጽ ያዳግታል። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ነገሩ ዘግይቶ የገባት መሆኑ ከፊቷ ታወቀ፤ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። የኔታም ዝም ብለው ቆዩና፥ «አሁን ቅኔ ሆነ» ብለው ተቀመጡ።

ይህ ድርሰት ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፥ ወጣቲቱ በሥዕሉ ውስጥ ከተሣሉት አንዱንም ዋና ባለ ታሪክ አለማድረጓ ነው፤ ፈረሰኛው በታሪኩ ውስጥ የለም፤ ዘንዶውና ልጃገረዲቱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ታይተው ያልፋሉ። ታሪኩ የተገኘው ከሥዕሉ ክፈፍ ውጭ፥ ሠዓሊው ሊሥለው ባልፈለገው ወይም ባልቻለው ቤት ውስጥ ነው። ሁለተኛው፥ እርጥቡ ቀሚስ ብቻውን፥ አንድም የኀዘን ቃል ሳይጨመርበት፥ ጊዜን ለክቶ መናገሩ ነው፤ ጨርቅ በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ እናቲቱ ቀሚሱን ስታጥብ ልጅቱ ገና በሕይወት እንደ ነበረች የሚነግረንም ያ ዕውቀታችን ነው።

ሥዕል ለዚህ ዐይነቱ ድርሰት የተመቸበት ምክንያት ከጥንት ጀምሮ የተመረመረ ነገር ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሌሲንግ እ.ኤ.አ. በ1766 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በ1506 በሮማ ከመሬት ተቈፍሮ የወጣውን የላኦኮንን ሐውልት፥ ይኸውም አባትና ሁለት ልጆቹ በእባቦች ተጠምጥመው የሚታዩበትን የእብነ በረድ ሥራ፥ መነሻ አድርጎ የሥዕልንና የግጥምን ባሕርይ ለየ። እንደ እርሱ አባባል፥ ሠዓሊ በስፍራ ላይ የተዘረጋ አካልን ያሳያል፤ ባለ ቅኔ ደግሞ በጊዜ ውስጥ የሚፈጸም ድርጊትን ይተርካል። ሠዓሊው ከጠቅላላው ድርጊት አንዲት ቅጽበት ብቻ መምረጥ ግድ ስለሚሆንበት፥ ያለፈውንም የሚመጣውንም በሆዷ የያዘችውን፥ እርጉዝ የሆነችውን ቅጽበት መምረጥ አለበት፤ የነገሩን ጫፍ ካሳየ ግን ለተመልካቹ ኅሊና የሚቀርለት ሥራ የለም።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ክሪስ ቫን ኦልስበርግ ይህን ምሥጢር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው መጽሐፍ በጥቁርና በነጭ የተሣሉ 14 ሥዕሎች ብቻ የያዘ ሲሆን፥ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር አንድ ርእስና ከአንድ ያልታወቀ ታሪክ የተቀነጨበ ጥቂት ቃል አለ፤ ታሪኩ ራሱ ግን የለም። በአንደኛው ሥዕል ላይ አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ወንበር በሁለት እጁ አንሥቶ ቆሞአል፤ ከፊቱ፥ ከምንጣፉ ሥር፥ አንድ ነገር አብጦ ይታያል። ወንበሩ ገና አልወረደም። ከምንጣፉ ሥር ያለው ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደ ገባ፥ ወንበሩ ከወረደ በኋላም ምን እንደሚሆን ሠዓሊው አልተናገረም። መጽሐፉ ለትምህርት ቤት ልጆች የድርሰት መለማመጃ ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቁ ደራስያን ለ14ቱ ሥዕሎች 14 ታሪክ ጽፈው በአንድ ጥራዝ አሳተሙ። ወንበሩ ወርዶ ቢሣል ኖሮ አንድም ልጅ ብዕሩን ባላነሣ ነበር።

በእኛ አገር ሥዕልና አጭር ታሪክ አብረው የኖሩ ጥንታውያን ጎረቤቶች ናቸው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተተረጐመው፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ ሥርዓት የተሠራለት ተአምረ ማርያም፥ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ፥ ቆሞ ለሚያዳምጥ ምእመን በአንድ ትንፋሽ ሊነበብ የሚችል አጭር ታሪክ የተሰበሰበበት መጽሐፍ ነው። ሠዓሊዎቻችንም ከእነዚህ ታሪኮች በብራናና በግድግዳ ላይ ሣሉ። ከሁሉ የሚታወቀው፥ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰበው የበላኤ ሰብ ታሪክ ነው። 78 ነፍስ ያጠፋው ይህ ሰው፥ በውኃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም በእግዚአብሔርና በቅዱሳን ስም ቢለምነው እምቢ ካለ በኋላ፥ በእመቤታችን ስም በለመነው ጊዜ ጥርኝ ውኃ ሰጠው፤ ነፍሱ በሚዛን በቀረበች ጊዜም ያች ጥርኝ ውኃ በእመቤታችን ጥላ 78ቱን ነፍሳት መዘነች። ሠዓሊዎቻችን ለምጻሙ አፉን ከፍቶ ውኃው ሲወርድለት የሚታይበትን ቅጽበት መምረጣቸው ሌሲንግን አንብበው አይደለም፤ ታሪኩ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወሰንባትን ቅጽበት ስለሚያውቁ ነው።

ከዚህ ታሪክ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ሌላ ታሪክ፥ በፈረንሳይ አገር፥ በሩዋን ከተማ ካቴድራል፥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ የኅብረ ቀለም መስታወት መስኮት ላይ ይገኛል። መስኮቱን ያሠሩት የከተማው ዓሣ ነጋዴዎች ናቸው፤ በላዩም የቅዱስ ዡልየን ሕይወት በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ተሥሎአል። ዡልየን ባለማወቅ አባቱንና እናቱን በራሱ አልጋ ላይ ተኝተው ሳሉ የገደለ ሰው ነው፤ ከዚያ በንስሓ ወጥቶ በአንድ ወንዝ ዳር መንገደኞችን የሚያሻግር ሆነ፤ በመጨረሻም አንድ ለምጻም መጣበት፤ እንግዳውን አልተጸየፈውም፤ ለምጻሙም ክርስቶስ ሆኖ ተገኘ። ነፍሰ ገዳይ፥ ውኃና ለምጻም፤ በሩዋን መስታወትና በእኛ ግድግዳ ላይ እነዚህ ሦስቱ ያለ ቀጠሮ ተገናኙ።

በዚያች ከተማ ተወልዶ ያደገው ደራሲ ጉስታቭ ፍሎቤር ያን መስኮት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 መከር፥ ገንዘቡ ባክኖ፥ ልቡም በኀዘን ተሰብሮ በነበረበት ጊዜ፥ ረጅሙን ድርሰቱን ትቶ የዡልየንን ታሪክ በአጭሩ መጻፍ ጀመረ፤ በ1877ም ከሌሎች ሁለት ታሪኮች ጋር አሳተመው። ታሪኩ በእርግጥ ከመቶ ቃል እጅግ የራቀ ነው፤ ሆኖም ከሥዕል ተነሥቶ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሊያጠናው ይገባል፥ ምክንያቱም ፍሎቤር መስታወቱ ሊያሳየው የማይችለውን ነገር መርጦ ጻፈ፤ ሕፃኑ ዡልየን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ነጭ አይጥ ወደ መግደል ያደረሰውን ጥላቻ ጻፈ። በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ የፈሰሰች አንዲት ጠብታ ደም ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ መነሻ ሆነች። ታሪኩን በፈጸመበትም ስፍራ፥ ይህ በአገሩ በአንድ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ እንደሚገኘው ያለ የዡልየን ታሪክ መሆኑን ለአንባቢው ገለጠ።

ሥዕልና ልብ ወለድ በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበትን ምሳሌ ለማግኘት ግን ወደ ሩዋን መሄድ አያሻንም። እ.ኤ.አ. በ1908 በሮማ የታተመውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፥ ወደ ኢጣልያ አስቀድሞ የተላከው ሥዕል ሊማር ነበር።

የጊዮርጊስ ሥዕል ከቀረበበት ከዚያ ማታ በኋላ በዚያው የድርሰት አዳራሽ የሰማሁት አንድ ጥያቄ እስካሁን ከኅሊናዬ አልጠፋም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ሥርዓት ቅዱሳንና ደጋጎች ሙሉ ፊታቸውና ሁለት ዓይናቸው ሲታይ፥ አረማውያን፥ ገራፊዎችና አጋንንት በጎን፥ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የስቅለት ሥዕል በቀረበ ጊዜ አንድ ወጣት፥ በጎን የተሣለውን ጭፍራ እያሳየ፥ «መምህር፥ ይሄ ሰው በሌላው ዓይኑ ወዴት ነው የሚያየው?» አለ። ድርሰቱን ገና አልጻፈም ነበር፤ መምህሩ ግን፥ «አንተ ዛሬ ጨርሰሃል፤ ቤትህ ሄደህ ጻፈው» አለው። ሥዕሉ የደበቀው ያ ዓይን ቤቱን ያስታውስ ይሆናል፤ ያላጠበውን እጁን ያይ ይሆናል፤ ከሕዝቡ መካከል አንድ የሚያውቀውን ፊት ይፈልግ ይሆናል። ጥያቄው ከተገኘ ሰባው ቃል ወደ ኋላ አይልም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሥራ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ሊመስለን አይገባም፤ እንዲያውም የቅኔ ቤት ሥልጠና ለዚህ ከማናቸውም በላይ ያዘጋጃል። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ 2 ቤት ብቻ ነው፤ በዚያች ጠባብ ስፍራ ሰሙና ወርቁ ሳይጣሉ ሊኖሩ ይገባል። ተማሪው ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፥ በዛፍ ጥላ ወይም በመቃብር ቤት ሆኖ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩም ምሥጢር ያላገኘበት እንደ ሆነ ይመልስበታል። በዚያ ሸንጎ ውስጥ ያለፈ ሰው፥ የሚናገረውን ከሚሸሽገው ጋር እንዴት እንደሚያስታርቅ ያውቃል፤ ተማሪው 8 ቤት ወዳለው ወደ መወድስ የሚደርሰውም በትንሹ ስፍራ ከተፈተነ በኋላ ነው። የኔታ ያን ምሽት «ዘገየ» የሚለውን ቃል የያዙት በሃይማኖታቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ስናወራ ግን፥ «ወርቁን አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰም፥ ሰምም ወርቅም አይደለም» አሉኝ።

ታዲያ ድርሰቱ ሲታተም ሥዕሉ አብሮት ይውጣ ወይስ ይቅር? በዚህ ነገር የማውቃቸው ጸሓፊዎች ተከፋፍለዋል። የሚበዙት ሥዕሉ ከላይ፥ ታሪኩ ከታች እንዲሆን ይወድዳሉ፤ አንባቢው ምንጩን ሳያይ ታሪኩን አይረዳውም ይላሉ። እኔ ግን ሥዕሉ ሲነሣ የሚወድቅ ታሪክ አስቀድሞም አልቆመም እላለሁ፤ የዚያች ወጣት እናት ከእርጥቡ ቀሚስ ጋር ያለ ፈረስና ያለ ጦር ትኖራለች። ሆኖም ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት አንድ የሚያስከብር ምክንያት አለ፤ እሱንም የሰጠው ፍሎቤር ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ለአሳታሚው ለሻርፓንቲዬ በጻፈው ደብዳቤ፥ የዡልየን ታሪክ በልዩ እትም ሲወጣ የሩዋን መስኮት ሥዕል ከታሪኩ ቀጥሎ እንዲታተምለት ይፈልግ እንደ ነበር ገለጠ። ታሪኩን እንዲያብራራለት ፈልጎ አልነበረም፤ አንባቢው ሥዕሉንና ጽሑፉን አስተያይቶ፥ ደራሲው ይህን ከዚያ እንዴት እንዳወጣው ግራ እንዲገባው ፈልጎ ነበር እንጂ።